የጮኸ ቀን ጥራኝ

«ክፍሉ ባዶ ነው» አለ አባዬ በስልክ። ደረጃው ሥር ቆሞ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ ነው የሚያወራው፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ሹክ ማለት አይሆንለትም። ከሞተር ጋር እየተፎካከረ የተናገረ ጉሮሮ ነው። «አዎ፣ ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ መስታወት አለው። ቀትር ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርድበት። ዛሬ ከሰዓት ብቅ በልና እየው።» እኔ ከላይ በረንዳው ላይ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር፤ ብሩሹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ክፍሉ ባዶ አልነበረም። የወንድሜ አልጋ አለ፤ ኮቱ ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ጠረጴዛው አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ያ ሳጥን አለ። ባዶ የተባለው እሱ ስለሌለበት ከሆነ፣ ቤቱ በሙሉ ባዶ ነው፤ ታዲያ ለምን ሁሉንም አያከራየውም? እንዲህ ብዬ ልጮህበት ፈልጌ ነበር። አፌ በአረፋ ስለተሞላ ግን ዋጥኩት። ወዲያው ሱቅ ለምትጋራኝ ጓደኛዬ ደውዬ ዛሬ እንደማልመጣ ነገርኳት። ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ አንድ ቀን ብቀር የሚሞት ስልክ የለም።

ወንድሜን ሰፈሩ «ራዲዮ» ነበር የሚለው። ልጅ እያለ የቤታችንን ራዲዮ ፈትቶ መልሶ መግጠም አቅቶት የወጣለት ስም ነው፤ እሱም ስሙን ላለማሳፈር ነው መሰለኝ ዕድሜውን በሙሉ ሲፈታ ሲገጥም ኖረ። ከጊዜ በኋላ ሲንተሳይዘር ካልሠራሁ አለ። በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረውን የሙዚቃ መሣሪያ ማለቴ ነው፤ ሌላው ሰው ከሱቅ ገዝቶ ይጫወትበታል፣ የኛው ራዲዮ ግን ከሱቅ የተገዛ ነገር አይጥመውም። ዕቃዎቹ የሚበየዱበትን ቦርድ ራሱ ይሥላል፣ ቀዳዳውን ራሱ ይበሳል፣ ራሱ ይበይዳል። ድሮ ቺፕ ማለት ረጃጅም እግር ያለው፣ በጣት የሚያዝ፣ እግሩን በቀዳዳ አሳልፈው ከሥር የሚበይዱት ነገር ነበር። ለሱም የሚመቸው ያ ነው። በኋላ ግን ያ ዓይነቱ ከገበያ ጠፋና የሚገኘው ቦርዱ ላይ እንዲሁ የሚቀመጠው፣ ቀዳዳ የማይፈልገው፣ የምስር ፍሬ የሚያክለው ብቻ ሆነ። መጀመሪያ የመጣለት ቀን ወረቀቱን ገልጦ ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ አየውና «ይሄ ቺፕ ነው ቅማል?» አለኝ። እኔ ውዬ የማድረው ከነዚህ ቅማሎች ጋር ነው፤ በስልክ ውስጥ ከዚህ ሌላ ነገር የለም። «ስጠኝ፣ በደቂቃ አስቀምጥልሃለሁ» አልኩት። «አይሆንም ትንሿ፤ አንቺ ከበየድሽው ያንቺ ነው። የኔ እንዴት ይባላል?» አለ። ያን ጊዜ ሕመሙ ጀምሮታል፤ የሚወስደው መድኃኒት ደግሞ እጁን ያንቀጠቅጠው ነበር። የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው። እሱ ግን መነጽሩ ላይ ሌላ መነጽር ደርቦ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ይዞ አንድ እግር ይበይዳል፤ ከዚያ ያርፋል። እንደገና ትንፋሹን ይይዛል። ከበር ላይ ሆኜ ሳየው አንጀቴን ይበላዋል።

አባዬም በር ላይ ይቆም ነበር። ከደፉ አያልፍም፤ እዚያው ጫማው ጫፍ ላይ ቆሞ ያያል። አባዬ ቤት ውስጥም ጫማ አያወልቅም፤ «ሹፌር ሁልጊዜ ለመነሳት ዝግጁ ነው» ይላል፣ ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ። እነዚያ ወፍራም ሶል ያላቸው ጫማዎቹ ከነድምፃቸው የቤታችን ሰዓት ናቸው። ራዲዮን ትንሽ ካየ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥሎ ይሄዳል፦ «እንግዲህ የጮኸ ቀን ጥራኝ።» በክፋት አይደለም። ወይም በክፋት ብቻ አይደለም። ያንን ሳጥን፣ ሲንተሳይዘሩን፣ የሚያስጮኸውን ስፒከር ያመጣለት ራሱ አባዬ ነው፤ ሲነዳው ከኖረው፣ ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠው አውቶቡስ ላይ ፈትቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣና ምንም ሳይል አልጋው ላይ ጣለለት። እኛ ቤት ፍቅር የሚገለጸው እንደዚህ ዕቃ በመወርወር ነው። ሳጥኑ ያለቀ ቀን ራዲዮ ሁላችንንም ጠራ፤ አባዬ በሩ ላይ፣ እማዬና እኔ አልጋው ላይ ሆነን ማብሪያውን ሲጫን አየን። ዝም። አጠፋ፣ አበራ። ዝም። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አዞረ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ፊት ለፊቱ ዘረጋና አያቸው። «እጄ ነው» አለ። «እጄ ነው ያበላሸው።» ከዚያ ቀን በኋላ ሳጥኑን አልነካውም፤ ብዙም ሳይቆይ አለፈ። ሳጥኑ በርቶ፣ ከነሶኬቱ እንደተሰካ ቀረ። ልነቅለው ስሄድ እማዬ እጄን ያዘችኝ፦ «እሱ የሰካውን ማንም አይነቅልም።»

የክረምቱ ደመና ገለል ብሎ ፀሐይ መክረር ሲጀምር፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ ያ ሳጥን ጮኸ። እማዬ ብቻዋን ነበረች። መጀመሪያ የሩቅ አውቶቡስ መስሏት ነበር፤ ከዚያ ከልጇ ክፍል መሆኑን ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን የምትበላው እዚያ ነው። ሳህኗን ይዛ ትገባለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ትጠብቃለች። ሰማዩ ከዳመነ አይመጣም፤ ያን ቀን «ዛሬ ተቀይሞኛል» ትላለች፣ ምግቡንም እንዳለ መልሳ ታወጣዋለች። አባዬ ደግሞ ምሳ ሊቀርብ ሲል ኮቱን ለብሶ ይወጣል። የት እንደሚሄድ አይናገርም፣ እሷም አትጠይቀውም። አንዷ ድምፁን ልትሰማ ትገባለች፣ ሌላው ድምፁን ላለመስማት ይወጣል፤ መሃል ላይ እኔ፣ ለምሳ ከሱቅ የመጣሁት፣ ብቻዬን ገበታ ላይ እቀራለሁ። ስለዚህ ነገር ሦስታችንም አንድ ቀን ቁጭ ብለን አላወራንም።

አባዬ በስልክ ያወራ ቀን፣ ቀትር ላይ እኔም ተከትያት ገባሁ። ክፍሉ የተዘጋ ልብስና የአቧራ ሽታ አለው። ፀሐይዋ ከጣሪያው መስታወት በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ወርዳ፣ ቀስ እያለች ወደ ሳጥኑ ትሄዳለች። ክዳኑን ራዲዮ ሳይገጥመው ስለሞተ ቦርዱ ራቁቱን ነው። ብርሃኑ ቦርዱን ሸፈነው። ጠበቅን። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ከስፒከሩ አንድ ነገር ተንኳኳ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተንኳኳ፣ ከዚያም መጣ። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነው። እውነቱን ልናገር፣ የቺፕን ነገር የማውቀው እኔ ፀጉሬ ቆመ። ድምፁ እንደጀመረበት አይቆይም፤ ቀስ እያለ፣ ጆሮ ሳያስተውለው፣ ከፍ ከፍ ይላል፣ አንድ ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ ቃሉ እንደጠፋበት ዓይነት። «መጣህ?» አለች እማዬ፣ በጣም በተራ ድምፅ፣ ልጅ ከሥራ ሲገባ እንደሚባለው። «እህትህም አለች ዛሬ።»

በሱቄ ብዙ እንዲህ ያለ ስልክ አይቻለሁ፤ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ የሚሠራ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀዘቅዝ የሚሞት። እጄን ዘርግቼ ቦርዱን ከፀሐይ ጋረድኩት። ድምፁ መውረድ ጀመረ። እጄን ሳነሳ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ጋረድኩት። «ተይው!» ብላ እማዬ ጮኸችብኝ። «እጅሽን አንሺለት!» አነሳሁ። ግን ነገሩ ገብቶኝ ነበር። የራዲዮን ማጉያ መነጽር ከመሳቢያ አውጥቼ ጎንበስ አልኩ። ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። እያንዳንዱ እግር ንጹሕ ነው፤ ሊዱ፣ ቀልጦ የሚያያይዘው የብየዳ እርሳስ፣ አንሶም በዝቶም አይደለም፣ እያንዳንዱ ጠብታ ያብረቀርቃል። በደህና እጄ የምበይደው እኔ ከዚህ የተሻለ አልሠራም። እነዚያ የብርጭቆ ሻይ የሚያፈሱ እጆች ናቸው ይህን የሠሩት። በመሃል ካለው ከትልቁ ቺፕ ላይ አንድ እግር ብቻ፣ ጥግ ላይ ያለችው፣ ወደ ላይ ተጣማ ሊዱን ሳትነካ አየር ላይ ቀርታለች። ሙቀት ቦርዱን ሲስበው ትደርሳለች፣ ሲበርድ ትለያለች። የቺፑ ጀርባም ተፋፍቋል፤ ጽሑፉን አቋርጦ የሄደ ጭረት አለበት። በብየዳ እንዲህ ያለ ጭረት አይመጣም። ከየት እንደመጣ አልገባኝም።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ልሠራው እችላለሁ» አልኳት። «አንድ ጊዜ መበየጃ ማስነካት ነው።»

«ከነካሽው ምን ይሆናል?»

«ጠዋትም ማታም ይሠራል። ሲያበሩት ይጮሃል፣ ሲያጠፉት ዝም ይላል።»

«እንደ ማንኛውም ዕቃ።»

«እንደ ማንኛውም ዕቃ።»

«እንግዲያው አትንኪው» አለች። ማንኪያዋን አነሳች። «እሱ መቼ ነው ሲጠሩት መጥቶ የሚያውቀው? ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። እንዲሁ ይሁንለት።» ፀሐይዋ ከሳጥኑ ላይ ስትንሸራተት ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ።  እማዬ ሳህኗን አንስታ ተነሳች፤ ምግቡን ሁለት ጊዜ እንኳ አልጎረሰችም፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ ተውሶ ልብስ ሰፍቷታል። ያን ጊዜ ነው አባዬ ክፍሉን ሊያከራየው እንደሆነ፣ ከሰዓት ሰው እንደሚመጣ የነገርኳት። «ሰምቻለሁ» አለች። «አባትሽ ደግሞ ሹክ ማለት መቼ ይችላል። ይምጣ፣ እኔ ከዚህ አልጋ ላይ አልነሳም፤ ከነነፍሴ ያከራየኝ።» የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አትቀልድም ነበር።

አባዬን ፍለጋ ወጣሁ። ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም፤ አውቶቡስ የነዳ ሰው ሆድ ሲብሰው የሚሄድበት ቦታ አንድ ነው። መስመሩ የሚያልቅበት፣ አውቶቡሶቹ ዞረው የሚያርፉበት ግቢ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ኮቱን እንደቆለፈ ተቀምጧል። አዳዲሶቹ ሾፌሮች ሲያልፉ «እንዴት ዋሉ አባባ» ይሉታል፣ እሱም እጁን ያነሳል። ጫማው ከአስፋልቱ አቧራ ነጭ ሆኗል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለጥቂት ጊዜ ሞተር ሲጠፋ ሲነሳ አብረን አዳመጥን። ልጣላው ነበር የመጣሁት፤ መንገድ ላይ የምሰድብበትን ቃል በሙሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«ጮኸ?» አለኝ ሳያየኝ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ውሃ በላው። ከወንድሜ ሞት በኋላ ስለዚያ ክፍል አንድ ቃል ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ጮኸ» አልኩት። «የሚጮህበትንም አወቅሁ። መንፈስ አይደለም፣ ምንም አይደለም። አንድ እግሩ ተጣሞ ቦርዱን ስለማይነካ ነው።»

«የቱ? ጥግ ላይ ያለው?»

ዞሬ አየሁት። ጥግ ላይ ነው አላልኩትም ነበር። አባዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጫማውን ያያል። አንድ አውቶቡስ ፍሬኑን ለቆ ወጣ፣ ሌላ ገባ። ቺፑ የጠፋበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ከራዲዮ ወረንጦ አምልጦ መሬት ወደቀና ሁላችንም በጉልበታችን እየዳህን፣ የስልክ መብራት ይዘን፣ ትንፋሻችንን እንኳ እየፈራን ስንፈልግ። አባዬም ያን ቀን ብቻ ከደፉ አልፎ ገብቶ ነበር። አንድ ቺፕ ያን ጊዜ ሲገኝ ነው፤ ዋጋው ደግሞ አባዬ የጫማውን ሶል የሚያስቀይርበት ይሆናል። በመጨረሻ ያገኘው አባዬ ነው። «አልጋ ሥር» ብሎ ሰጠው፤ ራዲዮ ግንባሩን ሳመው።

«አልጋ ሥር አልነበረም» አለ አባዬ። «ደረጃው ላይ ስወርድ ነው ጫማዬ ቀጭ ያለው። ሶሉ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት።» አውራ ጣቱን አነሳ፣ ጥፍሩን አየው። «አንዱ እግሩ ታጥፎ ነበር። በዚህ መለስኩት። ምን ያህል ነገር ነው ብዬ ነው፣ ከዓይን የማይገባ ነገር። የተስተካከለ መሰለኝ።» እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰ። «ከዚያ ያልሠራ ጊዜ፣ እጄ ነው ሲል ሰማሁት። በሩ ላይ ነበርኩ እኮ። ጫማዬ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ።»

 እውነቱን ለመናገር ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ አንድ ጥሩ ጥላቻ ቢመጣልኝ እፎይ እል ነበር። አልመጣልኝም። የመጣልኝ እነዚያ የተዘረጉ ሁለት እጆች ናቸው።

«የጮኸ ቀን ጥራኝ ብዬዋለሁ» አለ አባዬ። «ሲጀምር የሚጠራኝ ይመስለኛል። በየቀኑ ይጠራኛል። በምን ዓይኔ ነው የምገባው?»

«ብየዳው ንጹሕ ነው አባዬ» አልኩት። «እያንዳንዱ። እጁ ምንም አላጠፋም።» ይህን የነገርኩት ላጽናናው ነው ወይስ ልጎዳው፣ አላውቅም። ፊቱን በኮቱ እጅጌ ሸፈነና አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ በወንድሜ ቀብር ቀን እንኳ ሰው ሲያስተናግድ ነው የዋለው። ሲበቃው፣ ለእማዬ መንገር እንዳለበት ነገርኩት። «ትገድለኛለች» አለ። «ትግደልህ» አልኩት። ተነሳ።

ቤት ስንደርስ ተከራዩ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነው፣ ክፍሉን ሊያይ ሲመጣ የተላጨ። አባዬ ጨበጠው፣ እጁን ሳይለቅ ቆየ። «ይቅርታ ልጄ፣ በከንቱ አደከምኩህ። ክፍሉ ባዶ አይደለም» አለው። «በስልክ ባዶ ነው ብለውኝ ነበር እኮ አባባ» አለ ልጁ። «ዋሸሁህ» አለ አባዬ። ወጣቱ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ፤ ከዚያ ነገሩ ከክፍል ኪራይ በላይ መሆኑ ገባው መሰለኝ «ምንም አይደለም» ብሎ ሄደ።

እማዬ እንዳለችው ከአልጋው ላይ አልተነሳችም። አባዬ በሩ ድረስ ሄዶ ደፉ ላይ ቆመ፣ ሁልጊዜ የሚቆምበት። ለኔ የነገረኝን ነገራት። ለሷ ሲነግራት አጭር ሆነ፤ «ረገጥኩት። ደበቅሁ። እጄ ነው ሲል ዝም አልኩ።» ይኸው ነው። እማዬ መጀመሪያ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ዝቅ ብላ ጫማውን አየች። ዓይኗ እዚያ ቀረ። ውጭ የሰፈር ልጆች ይጫወታሉ፣ ከታች የሆነ ቤት ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ እኔ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

«እጁን እንደረገመ ሞተ» አለች በመጨረሻ። «ሆስፒታል እጁን ስይዘው ይነጥቀኝ ነበር። ይሄን የማይረባ እጅ ተይው እማዬ ይለኝ ነበር።» አባዬ የበሩን መቃን ያዘ።  ከዚያ ወደኔ ዞረች። «መበየጃሽን አምጪ።»

«አትንኪው ብለሽ ነበር እኮ።»

«እጁ ደህና እንደነበር ይታወቅ» አለች። «አምጪ አልኩሽ።»

ሶኬቱን ስነቅል ዓይኗን ጨፈነች። ወንድሜ ከሰካው ወዲህ ሲነቀል የመጀመሪያው ነው። ክፍሉ ጥላ ሆኗል፣ ጠረጴዛው ቀዝቅዟል፤ የሱን መነጽር አድርጌ፣ በሱ ወረንጦ ያቺን እግር ቀስ ብዬ ወደ ቦታዋ ጫንኳት።  በቀን ስንት ጊዜ የምሠራው ሥራ ነው፤ ግን ልክ እንደሱ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አስነካሁ። አዲስ ሊድ አልጨመርኩም፤ የሱ ይበቃ ነበር። ትንሽ ጭስ ወጣ፣ አለቀ። ሰካሁት፤ ማብሪያው እሱ እንደተወው በርቶ ነበር።

ምንም ፀሐይ በሌለበት ክፍል ሳጥኑ ጮኸ። አይንቀጠቀጥም፣ ቃል አይፈልግም፤ በጀመረበት ላይ ጸንቶ ይቆማል። ማዞሪያውን ሳዞር ይወጣል፣ ስመልሰው ይወርዳል። የአውቶቡሱ ስፒከር የጠረጴዛውን እንጨት አብሮ ያንዘፈዝፈዋል። እማዬ አፏን በእጇ ይዛ ሰማችው። መልስ እስኪሰጣት የምትጠብቅ ይመስል ነበር። «እሱ አይደለም» አለች ቀስ ብላ፤ እንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው። ነገ ቀትር ላይ ሳህኗን ይዛ የምትገባበት እንደሌላት እሷም እኔም አውቀናል። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሳጥኑን ከላይ ዳሰሰችው፣ የልጅ ራስ እንደሚዳሰስ። «ግን እጁ ነው» አለች።

አባዬ ደፉ ላይ ነው። አልገባም፣ አልሄደም። እማዬ አላየችውም፤ ዓይኗን ከሳጥኑ ሳታነሳ፣ ሁላችንም እንድንሰማ፣ ድምፁንም አልፎ እንዲሰማ አድርጋ ጠራችው።

«አንተ ሰውዬ። ጮኸ። ና።»

አባዬ ጎንበስ አለ። የበሩን መቃን በአንድ እጁ ይዞ የአንዱን ጫማ ክር ፈታ፣ ከዚያ የሌላውን። አውልቆ ከደፉ ውጭ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በካልሲው፣ መሬቱን እያየ፣ የት እንደሚረግጥ እየመረጠ ገባ።